ሰው ሲጨምር ስንት የአገልግሎት ሥራ ይጨምራል? የአንድ ትንበያ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ቅዳሜ

የከተማ ዕቅድ የሚሠራ ጓደኛዬ በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ጥያቄ ጣለብኝ። «የአንድ አካባቢ ሕዝብ በ10 ዓመት ውስጥ በ15 በመቶ ቢያድግ፣ ስንት አዲስ የአገልግሎት ሥራ ይፈጠራል?» አለኝ። «ይሄማ ቀላል ነው፣ ቅዳሜን ስጠኝ» አልኩት።

አሁን ቅዳሜ ማታ ነው። እስካሁን የሠራሁት ነገር ቢኖር «አገልግሎት» የምትለዋን ቃል መፍታት ብቻ ነው። እሱንም በቅጡ አልጨረስኩም።

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎችን የሚመድብበት ዓለም አቀፍ ሰነድ አለ። 4ኛው እትም ሥራን ሁሉ በ21 ክፍሎች ይከፍላል። ግብርናን፣ ማዕድንን፣ ፋብሪካን፣ መብራትን፣ ውሃን እና ግንባታን ስታወጣ 15 ክፍሎች ይቀራሉ። እነሱ በጥቅሉ አገልግሎት ናቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ፀጉር አስተካካይ አገልግሎት ነው። ለሩቅ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚጽፍም አገልግሎት ነው። የመጀመሪያው አካባቢው ላይ ሰው ከሌለ ሱቁን ይዘጋል። ሁለተኛው ጎረቤቱ ሁሉ ቢለቅ እንኳ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ደንታ የለውም። ሁለቱን ደምሬ ከሕዝብ ብዛት ጋር ባገናኝ የማገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ይህን መለያየት እኔ አልፈጠርኩትም። በ1930ዎቹ ሆሜር ሆይት የተባለው አሜሪካዊ የመሬትና የከተማ ኢኮኖሚ ባለሙያ ከተማን ከውጭ ገንዘብ የሚያመጣ «መሠረት» እና ነዋሪውን የሚያገለግል ሥራ ብሎ ለሁለት ይከፍል ነበር። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ችርቻሮ ንግድ፣ ምግብ ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ በታች ያለ ትምህርት፣ ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ጥገና እና የግል እንክብካቤ ሥራ ገቡ። ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሪፈራል ሆስፒታል እና የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወጡ። ምግብ ቤት ላይ ግን አሁንም ልቤ ሁለት ነው። የጭነት መኪኖች የሚያድሩባት የመንገድ ዳር ከተማ ምግብ ቤቶቿ የሚኖሩት በነዋሪዋ ሳይሆን በአላፊ አግዳሚው ነው።

ቀን 2

ዛሬ ሆን ብዬ በጣም ቂሉን ዘዴ ሠራሁ። ይህ ልማዴ ነው። የተራቀቀው ዘዴ በኋላ ቂሉን ካላሸነፈ ድካሙ ለምን ነበር?

አንዲት የወረቀት ላይ ከተማ ፈጠርኩ። 40,000 ሰው እና 3,200 የአገልግሎት ሥራ አላት። ስለዚህ ለ1,000 ሰው 80 ሥራ ማለት ነው። ሕዝቡ በ15 በመቶ አድጎ 46,000 ቢሆንና ጥምርታው ባይለወጥ፣ ሥራው 3,680 ይሆናል። ጭማሪው 480 ነው። አለቀ። ጓደኛዬ ከዚህ በላይ የሚፈልግ አይመስለኝም።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሕዝብ በ1 በመቶ ሲጨምር ሥራውም ልክ በ1 በመቶ ይጨምራል ያለው ማነው? ኢኮኖሚስቶች ይህን ምጣኔ ኢላስቲሲቲ ይሉታል። 1 ከሆነ ጭማሪው 480 ነው። 1.2 ከሆነ ወደ 584 ይወጣል። 0.8 ከሆነ ወደ 379 ይወርዳል። ለዓይን ትንሽ የምትመስል ልዩነት ከ200 በላይ ሥራ ትወስዳለች ወይም ትሰጣለች። ምጣኔው ከዳታ መምጣት አለበት።

ቀን 4

ዳታው ተገኘ። ወደ 60 የሚጠጉ አካባቢዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው በ10 ዓመት ልዩነት የተወሰደ የሕዝብ ቁጥርና የሥራ ቁጥር አላቸው። ትናንት ሙሉ ቀን የስም ፊደል ሳስተካክል ዋልኩ። አንዱ ቦታ በሁለት ፋይል ውስጥ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲመጣ ያናድዳል። ስለሱ ሌላ አልጽፍም።

ዛሬ ግራፉን አወጣሁ። በአግድም የሕዝብ ብዛት፣ በቁም የአገልግሎት ሥራ፣ ሁለቱም በሎጋሪዝም። ነጥቦቹ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተሰለፉ። አር ስኩዌር፣ ማለትም ነጥቦቹ ከመስመሩ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ ከ0 እስከ 1 የሚለካው ቁጥር፣ ከ0.9 በላይ ወጣ። ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ «ጨርሻለሁ» ብዬ ልጽፍለት ስልኬን አነሳሁ።

መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ የሚያምር ግራፍ ብዙ ጊዜ አታሎኛል።

አንድ ነገር ሞከርኩ። 60 የሐሰት ከተሞች በኤክሴል ፈጠርኩ። ትንሿ 2,000 ሰው አላት፣ ትልቋ 500,000። መጀመሪያ ላይ ለሁሉም በ1,000 ሰው 80 ሥራ ሰጠኋቸው። ከዚያ የሕዝብ ዕድገታቸውን በዕጣ አወጣሁ። የሥራ ዕድገታቸውንም በሌላ ዕጣ አወጣሁ። ሁለቱ ዕጣዎች ምንም ግንኙነት የላቸውም። በዚህች የሐሰት ዓለም ሕዝብ መጨመሩ ሥራን አንዲት ጠብታ አይለውጥም ማለት ነው።

ከዚያ የ10ኛውን ዓመት ግራፍ አወጣሁ። አር ስኩዌር 0.99።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ግን ካላዩት አይታመንም። ትልቅ ከተማ ብዙ ሱቅ አለው፣ ትንሽ ከተማ ጥቂት ሱቅ አለው። ግራፉ የነገረኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ጓደኛዬ የጠየቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ማወቅ የፈለገው ያው አካባቢ ሲያድግ ምን እንደሚሆን ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለ ልዩነት እና በአንድ ከተማ ውስጥ የሚመጣ ለውጥ ለየቅል ናቸው።

ቀን 5

ስለዚህ ለውጥን በለውጥ ለካሁ። በአግድም የሕዝብ ዕድገት በመቶኛ፣ በቁም የሥራ ዕድገት በመቶኛ።

ክሩ ተበጠሰ። ዶቃው በየቦታው ተበተነ። ወደ ላይ የማዘንበል ነገር አለ፣ መካድ አይቻልም። ግን በ10 በመቶ ያደጉ ሁለት አካባቢዎች አንዱ ሥራው አሻቅቦ ሌላው ከነበረበት አልተነቃነቀም።

አንድ ነገር ግን ትኩረቴን ሳበው። መስመሩ ከዜሮ አይነሳም። ሕዝባቸው ጭራሽ ያልጨመረ አካባቢዎችም የአገልግሎት ሥራቸው ጨምሯል። የሰው ገቢ ሲያድግ ውጭ ይበላል፣ ያሳክማል፣ ያስተምራል። ሌላም ምክንያት አለ። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ባውሞል በ1967 ያሳየው ነው። ፋብሪካ በማሽን እየታገዘ በጥቂት ሰው ብዙ ያመርታል። አስተማሪና ነርስ ግን በአንድ ሰዓት የሚያገለግሉት ሰው ቁጥር እምብዛም አይለወጥም። የአገልግሎቱ ፍላጎት እስካልቀነሰ ድረስ የሠራተኛው ድርሻ ቀስ በቀስ ወደዚያ ያዘነብላል። የእኔ ቂል ዘዴ ይህን ጭራሽ አያውቅም። ጥምርታውን በሚስማር መትቶ አስቀምጦታል።

ቀን 6

አጭር ቀን። ከመስመሩ በጣም የራቁ 7 ነጥቦች ነበሩ። ሦስቱ ያደጉት ወሰናቸው ስለሰፋ ነው። ሰው አልመጣባቸውም፣ ካርታው ነው ወደ ሰዎቹ የሄደው። ሁለቱን በአዲሱ ወሰን ወደ ኋላ ቆጥሬ አስተካከልኳቸው። የሦስተኛውን የድሮ መንደሮች ዝርዝር ስላጣሁ አወጣሁት።

ቀን 8

ዛሬ ሕዝቡን በዕድሜ ከፈልኩት። ይህን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

ወደ ወረቀት ከተማዬ ልመለስ። 40,000 በነበረች ጊዜ ከ15 ዓመት በታች 16,000፣ ከ15 እስከ 64 ያሉ 22,000፣ ከዚያ በላይ 2,000 ነበሯት እንበል። 46,000 ስትሆን ደግሞ 16,100፣ 26,680 እና 3,220 ሆኑ። ወሊድ እየቀነሰ በሄደበት ቦታ ሁሉ የዚህ ዓይነት ለውጥ የተለመደ ነው። በጥቅሉ 15 በመቶ ዕድገት ነው። ልጆቹ ግን የጨመሩት 100 ብቻ ናቸው። አረጋውያኑ በ61 በመቶ አድገዋል።

አሁን አስተማሪዎችን ተመልከቱ። ለ40 ልጅ አንድ አስተማሪ ከሆነ፣ 400 የነበሩት 403 ቢሆኑ ነው። ቂሉ ዘዴ ግን 460 ይላል። 57 አስተማሪ ከየት መጡ? ከምንም። የትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚያውቀው ልጅን ነው፣ «ሕዝብ» የሚባል ነገር አያውቅም።

ጤናውንም ሞከርኩ። አንድ አረጋዊ የወጣት 3 እጥፍ አገልግሎት ይፈልጋል ብዬ ገመትኩ። ይህ የኔ ግምት ነው፣ የሚያሠራ ቁጥር ስለፈለግኩ ነው። 200 የነበረው የጤና ሠራተኛ ወደ 238 ይወጣል። ቂሉ ዘዴ 230 ይላል። እኔ ሰፊ ልዩነት ጠብቄ ነበር። አረጋውያኑ በመቶኛ ቢሮጡም በቁጥር ገና ጥቂት ናቸው። በመቶኛ ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ይስታል፤ ትናንት እኔም ስቼው ነበር።

ወደ ዳታው ሳዞረው ያ የተበተነ ዶቃ ትንሽ ተሰበሰበ። በ10 በመቶ ያደጉት ሁለቱ አካባቢዎች? አንዱ ያደገው ሥራ ፍለጋ በመጡ ወጣቶች ነው። ሌላው ያደገው በወሊድ ነው። ወጣቱ በመጣ ማግስት ቤት ይከራያል፣ ይበላል፣ ፀጉሩን ይቆረጣል። ሕፃኑ ግን የሚፈልገው ክትባት ነው፤ አስተማሪ የሚቀጠርለት 6 ወይም 7 ዓመት ቆይቶ ነው። በ10 ዓመት መነጽር ሁለቱም «ሰው ጨመረ» ይባላሉ።

ቀን 9

ትናንሾቹ አካባቢዎች ላይ ትንበያዬ ይንገዳገዳል። ወይ በጣም ያንሳል ወይ በጣም ይበዛል። ለምን እንደሆነ ለማየት በስድስት ትናንሽ አካባቢዎች ያሉትን የጥርስ ክሊኒኮች ቆጠርኩ። 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 2፣ 1። ገባኝ። የእኔ ሒሳብ «0.6 የጥርስ ሐኪም» ይላል። እንዲህ ያለ ሐኪም የለም።

በ1991 ብሬስናሃን እና ሪስ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ይህንኑ በአሜሪካ 202 ከሌላው ተነጥለው ባሉ ትናንሽ ገበያዎች ላይ አጥንተዋል። ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ መድኃኒት ቤት፣ የቧንቧ ሠራተኛ እና የጎማ ነጋዴ ወሰዱ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። የመጀመሪያው እንዲከፍት ስንት ሰው ያስፈልጋል? ሁለተኛውስ? ለመጀመሪያው ሐኪም ወደ 900 ሰው ይበቃል። ለሁለተኛው ግን 1,800 አይበቃም፤ ወደ 3,500 ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሲመጣ ፉክክር ይጀመራል፣ ትርፍ ይሳሳል። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው የበለጠ ሰው ይጠብቃል። ከሦስተኛው ወዲያ ያለው ሒሳብ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል።

ለእኔ ትንበያ ትርጉሙ ከባድ ነው። 1,500 ሰው ያለው ቦታ 2,500 ቢሆን፣ በ67 በመቶ አድጎ እንኳ የሐኪም ቁጥሩ ላይለወጥ ይችላል። 3,400 ያለው ቦታ ደግሞ በ200 ሰው ብቻ አዲስ ክሊኒክ ሊያይ ይችላል። ዕድገት በደረጃ ነው የሚመጣው፤ መወጣጫው ላይ አይንሸራተትም።

ለትናንሾቹ መስመሩን ጥዬ የመግቢያ ደረጃ ልሠራ ሞከርኩ። ነጥቦቼ አነሱ። ሌላ መላ ፈለግኩ፦ ጎረቤታሞችን ደምሬ አንድ ገበያ አደረግኳቸው። ይህም ከእውነቱ አይርቅም። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ባለሙያ ዋልተር ክሪስታለር በ1933 ደቡብ ጀርመንን ሲያጠና ያየው ነገር ነው። ዳቦ ሁሉም ቦታ ይገዛል፣ ለጥርስ ግን ሰው ወደ ትልቋ ከተማ ይጓዛል።

ቀን 10

ዛሬ ራሴን ልመታ ነበር።

አንዱ አካባቢ በ1,000 ሰው ከሌሎቹ እጥፍ የሚጠጋ የአገልግሎት ሥራ አለው። ሱቅ በሱቅ መሆን ነበረበት። ካርታውን ሳየው ግን መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የሥራ ፋይሉን መግለጫ እንደገና አነበብኩ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራን የመዘገበው ሠራተኛው በሚኖርበት ቦታ ነው። የሁለተኛው ዓመት ፋይል ደግሞ ሥራው ባለበት ቦታ። እኔ ሁለቱን አቀናንሼ «ዕድገት» ብዬ ጠርቼዋለሁ።

ቆጠራ ሰውን የሚያገኘው አልጋው ጋ ነው። የድርጅት ጥናት የሚያገኘው ጠረጴዛው ጋ ነው። በመካከላቸው አውቶቡስ አለ። ሌላም ክፍተት አለ። የድርጅት ጥናት የሚያየው ያልተመዘገበውን ሥራ ሳይሆን በር ያለውን ድርጅት ነው። የጉሊት ነጋዴ፣ ቤት ለቤት የሚያስጠና፣ በስልክ ተጠርቶ የሚጠግን ሁሉ ያመልጣሉ። የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኢመደበኛ ሥራ እንዴት እንደሚለካ በ1993 እና በ2003 መመሪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝብ ቶሎ በሚጨምርበት ቦታ መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ የምቆጥረው ዘግይቶ የሚመጣውን።

ሁለቱንም ዓመታት የድርጅት ጥናት ካለበት ፋይል እንደገና ገነባሁ። 60 የነበሩት አካባቢዎች 41 ሆኑ።

ቀን 12

ለአፍታ ወደ ኋላ ልመለስ። ሰው ሲመጣ ሥራ ይፈጠራል እያልኩ ነው። ሥራ ስላለ ሰው መጥቶ ቢሆንስ? ይህ ክርክር በመስኩ ውስጥ ያረጀ ነው። ካርሊኖ እና ሚልስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1987 ወደ 3,000 በሚጠጉ የአሜሪካ ካውንቲዎች (ከክፍለ ግዛት በታች ያሉ አስተዳደሮች) ላይ ሁለት ቀመር አብረው ፈቱ፤ አንዱ ሕዝብ ሥራን ሲከተል፣ ሌላው ሥራ ሕዝብን ሲከተል። ከነሱ ወዲህም ብዙ ተጽፏል። መልሱ እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ይለያያል።

አይራ ላውሪ በ1964 ለፒትስበርግ የሠራው ሞዴል ነገሩን እንደ ክብ ያስቀምጠዋል። እኔ በወረቀት ላይ ሞከርኩት። 1,000 የፋብሪካ ሥራ ከውጭ መጣ እንበል። እያንዳንዱ ሥራ 2.5 ሰው ያኖራል፤ 2,500 ሰው ማለት ነው። ለ10 ሰው አንድ የአገልግሎት ሥራ ከተፈጠረ 250። እነዚህም 625 ሰው ያመጣሉ። እነሱ ደግሞ 62 ወይም 63 ሥራ። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠቅላላ ሥራው 1,333 አካባቢ ይቆማል፣ ሕዝቡ 3,333።

ጨዋታው ያለው 2.5 እና 0.1 ሲባዙ በሚሰጡት 0.25 ላይ ነው። ጥምርታውን 0.2 ካደረግኩ ብዜቱ 0.5 ይሆንና ጠቅላላ ሥራው 2,000 ይደርሳል። 0.4 ካደረግኩ ብዜቱ 1 ይሆንና ከተማዋ ዓለምን እስክትውጥ ታድጋለች። አንድ ጊዜ ሳላስተውል 0.45 ጽፌ ኤክሴሉ ቀይ ሆነ። ሳቄ መጣ።

ለማነጻጸር፦ ኤንሪኮ ሞሬቲ በ2010 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ከተሞች አንድ ተጨማሪ የፋብሪካ ሥራ በዚያው ከተማ 1.6 ያህል የአካባቢ አገልግሎት ሥራ ይዞ ይመጣል። ይህን ቁጥር ቀድቶ ሌላ ቦታ መለጠፍ ግን አይሆንም። ገቢው፣ ደመወዙ፣ ከተማው ሌላ ነው።

የእኔ ውሳኔ፦ አካባቢው ለምን እንዳደገ ካላወቅኩ ትንበያውን አልሰጥም። ፋብሪካ ተከፍቶ ከሆነ ክቡን እጠቀማለሁ። በወሊድ ከሆነ ዕድሜውን እከተላለሁ። ከጎረቤት ከተማ ርካሽ ቤት ፍለጋ የመጡ ከሆኑ ደግሞ ግማሹ ወጪያቸው የሚቀረው እዚያው ሥራቸው ጋ ነው ብዬ እጀምራለሁ።

ቀን 13

የፈተና ቀን። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ እንደማውቅ ሆኜ የ10ኛውን ዓመት ተነበይኩ። ሦስት ተወዳዳሪ ነበሩ። ቂሉ ጥምርታ፣ የዕድሜው ዘዴ፣ እና ሁሉን ያካተተው የተራቀቀ ቀመሬ።

የተራቀቀው አሸነፈ። በሰፊው። ሻይ አፍልቼ ተመለስኩና አንድ ነገር ታየኝ። የሰጠሁት የ10ኛው ዓመት ሕዝብ እውነተኛው ቁጥር ነው! መጪውን ጊዜ የሚተነብይ ሰው ይህን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? ፈተናውን መልሱን ይዤ ነው የገባሁት።

ሕዝቡንም ከመጀመሪያው ዓመት ተነስቼ ተነበይኩት። በዕድሜ ቡድን፣ በወሊድ፣ በሞት እና በፍልሰት። ወሊድና ሞት ያን ያህል አያስቸግሩም። ፍልሰት ግን ትንሽ አካባቢ ላይ እንደ ንፋስ ነው። ፈተናውን ደገምኩ። የተራቀቀው ቀመር ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወረደ። አንደኛ የወጣው የዕድሜው ዘዴ ነው። ቂሉ ጥምርታ በቅርብ ርቀት ሁለተኛ ሆነ። ስህተቱም በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ከእውነታው በታች። ባውሞል ያለው ጎትቶታል።

የተራቀቀውን ቀመር ወደ «አሮጌ» ፎልደር ወረወርኩት። አምስት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ነው።

ቀን 14

በሁለት ቆጠራዎች መካከል ላሉ ዓመታት የሕዝብ ግምት የሚባል ፋይል አግኝቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ልጨምረው ስል የአሠራር መግለጫውን አነበብኩ። ግምቱ የተሠራው በተማሪ ምዝገባ፣ በተሽከርካሪ ምዝገባ እና በሠራተኛ ቁጥር ነው። ማለትም ሕዝቡ የተገመተው ከሥራ ነው። እኔ ደግሞ ሥራን ከዚያ ሕዝብ ልገምት ነው። ውሻ ጭራውን ሲያሳድድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፋይሉን ዘጋሁት።

ቀን 16

ጓደኛዬ ደወለ። «አንድ ቁጥር ብቻ ስጠኝ» አለ። «የቱ ዓይነት ሰው ነው የሚጨምረው?» አልኩት። ዝም አለ። «ሰው ነዋ» አለ። ስለ ልጆቹና ስለ አስተማሪዎቹ ነገርኩት። 460 እና 403 ስለው ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። የእሱ ዕቅድ ውስጥ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት አለ ለካ፣ በጠቅላላ ሕዝብ ተሰልቶ የገባ።

የሰጠሁት አንድ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓይነት ሦስት ቁጥር፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለውን ርቀት ያወጣሁት ከቀን 13 ፈተና ስህተቶች ነው፣ ከስሜት አይደለም። ትምህርትን በልጆች፣ ጤናን ለአረጋውያን 3 እጥፍ ክብደት ሰጥቼ፣ ችርቻሮንና ምግብ ቤትን በአዋቂዎች ቁጥር አስልቻለሁ። ጥምርታውም ባለፉት 10 ዓመታት በሄደበት ፍጥነት በግማሽ እንዲያድግ ፈቅጃለሁ። ለምን በግማሽ? ሙሉውን ስፈቅድ ፈተናው ላይ ከልክ በላይ አስጨመረኝ። ጭራሽ ስከለክል ደግሞ አጎደለኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

የመንገድ ዳር ከተማዋን ምግብ ቤቶች በመጨረሻ አወጣኋቸው። ጓደኛዬ ተቃውሟል፣ ነገ ይደውላል። ፋይሉን ከነቀኑ ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ፤ አዲሱ ቆጠራ ሲወጣ ማን እንደሳተ እናያለን።